ፀጋዬ ገብረ መድኅን

ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን (ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. – የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ የቴአትር አዘጋጅና ተርጓሚ ነበሩ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ተውኔቶችና ግጥሞች ሌላ የዊልያም ሼክስፒርን ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ወደ አማርኛ መልሰው ለመድረክ አብቅተዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ኋላም የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር የእንግሊዝኛ ግጥም ደራሲም እርሳቸው ናቸው። በአማርኛ ሥነ ግጥም ውስጥ በስማቸው «ፀጋዬ ቤት» የተባለ የስንኝ ምጣኔ አለ።

የልጅነት ጊዜ

ፀጋዬ የተወለዱት በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው አቶ ገብረ መድኅን ሮባ ኦሮሞ፣ እናታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ ደግሞ አማራ ነበሩ። ስለዚህም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁለቱንም ቋንቋ ሰምተው አደጉ። በቤተ ክህነት ትምህርትም ግዕዝና ቅኔን ቀምሰዋል። እነዚህ ሦስት ምንጮች፣ የኦሮሞ ትውፊት፣ የአማርኛ ስነ ቃልና የግዕዝ ቅኔ፣ በኋላ በሥራዎቻቸው ሁሉ ውስጥ ይታያሉ።

የተወለዱበት ዓመት የጣሊያን ጦር አገሪቱን የወረረበት ነበር። አዲስ አበባ የተያዘችው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፀጋዬ የተወለዱት ከዚያ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። የጳጳሱ ሞት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከታወቁት ተውኔቶቻቸው የአንዱ ርዕሰ ጉዳይ ሆነ።

ትምህርትና የመጀመሪያ ጽሑፎች

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአምቦ ተምረዋል። በ13 ዓመታቸው ገደማ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፈው በትምህርት ቤታቸው መድረክ ላይ ቀርቧል። ከተመልካቾቹ መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙ ነበር። ታሪኩ ከጥንታዊት ግሪክ ዓለም የተወሰደ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የሩቅ አገርን ትረካ ወደ ራስ መድረክ ማምጣት በፀጋዬ ዘንድ የጀመረው ገና በተማሪነታቸው ነው።

ከአምቦ በኋላ በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 በቺካጎ ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ሕግ አጠኑ። ከዚያ ግን ሕጉን ትተው ወደ ቴአትር አዘነበሉ። በለንደን የሮያል ኮርት ቴአትርንና በፓሪስ የኮሜዲ ፍራንሴዝን አሠራር ለማየትና ለመማር ዕድል አገኙ። የመጀመሪያው በዘመኑ አዳዲስ ጸሐፍትን የሚያስተናግድ መድረክ ነበር፤ ሁለተኛው የሞሊየርን ሥራዎች ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ቤት ነው። ፀጋዬ ከሁለቱም የያዙት ነገር ነበር፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አዲስ ተውኔት መጻፉንም የቆየውን መተርጎሙንም ጎን ለጎን አስኬዱት።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጻፏቸው ተውኔቶች ርዕሳቸው ብቻ ስለ ማን እንደሚናገሩ ያመለክታል፦ ሊስትሮ፣ ጩሎ፣ ኮሾ ሲጋራ። ከዚያ ቀደም ብሎ የአማርኛ መድረክ በአመዛኙ የነገሥታትና የመኳንንት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክና የሥነ ምግባር ትምህርት ቦታ ነበር። ጫማ ጠራጊውና ተላላኪው ልጅ ባለታሪክ ሆኖ መቅረቡ ለተመልካቹ አዲስ ነገር ነበር።

በቴአትር ቤት

በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር ተመረቀ። ፀጋዬ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለአሥር ዓመት ያህል በዚህ ቤት በኃላፊነት ሠርተዋል። አብዛኞቹ ትርጉሞቻቸውም የዚህ ጊዜ ሥራዎች ናቸው።

በእንግሊዝኛም ይጽፉ ነበር። የኦዳ ዛፍ ትንቢትን መነሻ ያደረገው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው ተውኔታቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ በውጭ አገር መድረኮች ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሸለማቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ነበር። በዳካር በተካሄደው የመጀመሪያው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫልና በአልጀርሱ የመላው አፍሪካ የባህል ፌስቲቫልም ተካፍለዋል።

የሼክስፒር ትራጀዲዎች በአማርኛ

ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ያመጡት ፀጋዬ የመጀመሪያው አይደሉም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልዬትን በ1946 ዓ.ም. አሳትመዋል። ፀጋዬ ያደረጉት ትኩረቱን ወደ ታላላቆቹ ትራጀዲዎች፣ ማለትም ባለታሪኩ በገዛ ባሕርዩና በሁኔታዎች ግፊት ወደ ጥፋት ወደሚያመራባቸው አሳዛኝ ተውኔቶች፣ ማዞር ነው። ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ተከታትለው ተሠሩ፤ በመጽሐፍም ታተሙ።

የስንኝ ጉዳይ። የሼክስፒር ተውኔቶች በአብዛኛው የተጻፉት ቤት በማይመታ፣ በአንድ መስመር አሥር ቀለም ባለው ስንኝ ነው። አማርኛ ግጥም ግን ቤት መምታትን ይፈልጋል። በጣም የተለመደው ልክ የወል ቤት የሚባለው ሲሆን ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ይህ ልክ ለዘፈንና ለአጭር ግጥም ይመቻል፤ አንድ ሰው ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ከራሱ ጋር ለሚሟገትበት ንግግር ግን ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል። ሌላም ችግር አለ። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤቱ የሚመታው ብዙ ጊዜ በግሥ መድረሻ ነው። በአንድ ዓይነት የግሥ መድረሻ የተሞላ ረጅም ንግግር ደግሞ ጆሮን ያሰለቻል።

ፀጋዬ በግጥሞቻቸውና በተውኔቶቻቸው ያዘወተሩት ልክ ሐረጉ ስምንት ቀለም የሚይዝ ረዘም ያለ ስንኝ ነው። የሥነ ግጥም አጥኚዎች ፀጋዬ ቤት ያሉት ይህንኑ ነው። ስንኙ ሲረዝም ተናጋሪው ሐሳቡን ሳይቋረጥ ለማድረስ፣ ቃላትን ከተለመደ ቦታቸው ለማዘዋወርና ከግሥ ሌላ በሆነ ቃል ቤት ለመምታት ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል። ተዋናዩ ግን ትንፋሹን መቆጣጠር ይኖርበታል። የፀጋዬ ተውኔቶች ለተዋናይ ከባድ ናቸው የሚባለው ከቃላቱ ክብደት በተጨማሪ በዚህ ምክንያት ነው።

አክብሮትና ፆታ። እንግሊዝኛው አንድን ሰው ሲያናግር ወንድ ይሁን ሴት በተውላጠ ስሙ አይለይም። በአማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ መናገር አይቻልም። ሐምሌት አባቱን የገደለውን አጎቱን፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ክላውዲየስን፣ ሲያናግር የሚጠቀምበት መጠሪያ በልቡ ያለውን ጥላቻ ሊገልጥ ወይም ሊሸፍን ይችላል። እናቱን በንዴት ሲናገራት ከአክብሮት ወደ አንቺ ቢወርድ፣ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ምን ድንበር እንደተጣሰ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ስለዚህ የአማርኛ ተርጓሚ በየገጹ፣ ዋናው ጽሑፍ ክፍት የተወውን የሰዎች ግንኙነት ራሱ መወሰን አለበት። ይህ ሸክም ነው፤ ነገር ግን ለመድረክ የሚሰጠው ኃይልም ቀላል አይደለም።

ድርብ ፍቺ። ሐምሌት እብድ መስሎ በሚናገርባቸው ቦታዎች አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ይዟል። ይህን ቃል በቃል መመለስ አይቻልም። የቅኔ ትውፊት ያለው ቋንቋ ግን ለዚህ መንገድ አለው። ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ ከላይ የሚሰማውን ትቶ ከሥር ያለውን መፈለግ ያውቅበታል። በቅኔ የታነጸው ፀጋዬ ይህን የአድማጭ ልምድ ተጠቅመውበታል።

ቀለምና ባዕድነት። ኦቴሎ በቬኒስ ነጮች መካከል ያለ ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። በአውሮፓ መድረክ ልዩነቱ በመልክ ይታያል። ተዋንያኑ ሁሉ ኢትዮጵያውያን በሆኑበት መድረክ ግን ዓይን ብቻውን ይህን አይነግርም። ባዕድነቱ በንግግር፣ በአለባበስና ሌሎቹ ስለ እርሱ በሚያወሩት መገለጥ አለበት። በዚህም ምክንያት ተንኮለኛው ኢያጎ በአማርኛው መድረክ ላይ ሚዛኑ ይከብዳል፤ ኦቴሎን በተመልካቹም በራሱም ፊት ባዕድ የሚያደርገው የኢያጎ አንደበት ነውና። ይህን ገጸ ባሕርይ ከተጫወቱት መካከል ስመ ጥሩው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ይገኝበታል።

ንጉሥና መድረክ። በማክቤዝ አንድ የጦር አለቃ በቤቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል። በሐምሌት ወንድም ወንድሙን መርዞ ይነግሣል። እነዚህ ትርጉሞች በተሠሩበት ዘመን ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥት ትመራ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛ አዛዥ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም። ጽሑፍ ሁሉ በሳንሱር በሚያልፍበት ጊዜ በአገር ውስጥ ታሪክ ስለ ሥልጣን ሽሚያና ስለ ንጉሥ ግድያ መጻፍ አስቸጋሪ ነበር። የዴንማርክና የስኮትላንድ ታሪክ የሆነ የታወቀ ተውኔት ግን በክላሲክነቱ ሊያልፍ ይችላል። ተመልካቹ የሩቁን ታሪክ እየተመለከተ ስለ ቅርቡ የማሰብ ነጻነት ነበረው።

ሞሊየርና ብሬሽት

ፀጋዬ ከትራጀዲ ውጪም ተርጉመዋል። ከፈረንሳዊው ሞሊየር ታርቱፍንና የፌዝ ዶክተርን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ከጀርመናዊው በርቶልት ብሬሽት «እናት ኩራዥ» የተነሣው «እናት ዓለም ጠኑ» ደግሞ ከትርጉም ይልቅ ለአማርኛ መድረክ እንደገና የተቀረጸ ተዛማጅ ሥራ ነው። በሼክስፒር ላይ ሰዎቹንና ቦታዎቹን እንዳሉ ትተው ቋንቋውን ብቻ ወደ አገር ካስገቡ በኋላ፣ በብሬሽት ላይ ታሪኩንም ጭምር ወደ ራሳቸው ምድር አመጡት። በጦርነት ነግዳ ለመኖር ስትሞክር ልጆቿን ለጦርነቱ የምትገብር እናት ታሪክ ለ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ሩቅ አልነበረም።

የአገር ታሪክ እንደ ትራጀዲ

ከውጭ ትራጀዲዎች ጋር ያሳለፉት ጊዜ የኢትዮጵያን ታሪክ በሚያዩበት ዓይን ላይ አሻራውን ጥሏል። የታሪክ ተውኔቶቻቸው የጀብዱ ዝርዝር አያቀርቡም፤ አንድ ሰው ምርጫው በጠበበበት ሰዓት ብቻውን ቆሞ ያሳያሉ። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አቡነ ጴጥሮስ ከመገደላቸው በፊት ያለችውን የመጨረሻ ሰዓት ይዞ የተነሣ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ኮሊዥን ኦቭ ኦልታርስ» ደግሞ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ የሃይማኖቶችንና የመንግሥትን ግጭት ያሳያል።

ከሁሉ በላይ ለትራጀዲ የተመቸው ባለታሪካቸው አፄ ቴዎድሮስ ነው። ፀጋዬ «ቴዎድሮስ»ን አስቀድመው በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በአማርኛ አዘጋጅተው ለመድረክ አቀረቡት። ያው ሰው ራሳቸው በሁለት ቋንቋ ሲጽፉት፣ የመጀመሪያው ለውጭ አንባቢ አገርን የሚያስተዋውቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ታሪኩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ተመልካች የተሠራ ነው።

የታሪኩ ምድር በዛሬው ደቡብ ጎንደር ነው። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ መድፍ አሠራ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወደ መቅደላ ሲነሣ መድፉን በሰው ጉልበት አስጎተተ። ጉዞው በጋይንት ምድር አልፎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዘቢጥና ወደ ዋድላ፣ ከዚያም የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ ድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መንገዱ እየተቆፈረና እየተደለደለ የሚሄድ ስለነበር በቀን የሚጓዙት ጥቂት ነበር። ዛሬ ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በዚሁ ምድር ያልፋል።

የቤጌምድር ሰው፣ የጋይንት፣ የእስቴና የስማዳ አካባቢ ጭምር፣ ቴዎድሮስን በሁለት መልክ ያስታውሰዋል። አገር አንድ ለማድረግ የተነሣ ጀግና ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ደግሞ የቤጌምድርን ገበሬ በዘረፋና በቃጠሎ ያስመረረ ንጉሥ ነው። ሁለቱም እውነት መሆናቸው ታሪኩን ትራጀዲ ያደርገዋል። ያን ሁሉ ተራራና ገደል የተሻገረው መድፍ በመጨረሻው ውጊያ አልጠቀመውም፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

በዚህ አካባቢ ቃልን በዜማና በሥርዓት ለሕዝብ የማቅረብ ልማድ የቆየ ነው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም በድጓ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ አጎራባቿ ዋድላ ደግሞ በቅኔ። የጎንደር አዝማሪም የዘመኑን ገዥ በግጥም ሲያወድስና ሲነቅፍ ኖሯል። ፀጋዬ «አዝማሪ» የተባለ ተውኔት መጻፋቸውና የመድረክ ግጥማቸውን ከቅኔ ጋር ማስተሳሰራቸው ከዚህ ትውፊት ጋር ያገናኛቸዋል።

ከአብዮቱ በኋላ

የግጥም መድበላቸው «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. ታተመ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ከአብዮቱ ማግስት የቀረበው «ሀ ሁ በስድስት ወር» የወቅቱን ትኩሳት በቀጥታ ወደ መድረክ ያወጣ ሥራ ነው። ፀጋዬ ለአጭር ጊዜ በባህል ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋምም አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ይሁን እንጂ ከደርግ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሰላማዊ አልነበረም። ታስረዋል፤ ሥራዎቻቸውም ከመድረክ የታገዱበት ጊዜ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሳንሱር ያስቸገራቸው ጸሐፊ በወታደራዊው መንግሥትም ከዚያ አላመለጡም። በ1970ዎቹ ወደ ታሪክ ተውኔት አብዝተው መመለሳቸውን በዚህ ዓይን የሚመለከቱት አሉ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ «ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ»ን ጻፉ።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። ሕክምናው ቋሚ የኩላሊት እጥበት ስለሚፈልግ ወደ አገራቸው ተመልሰው መኖር አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአማርኛ መድረክ የጻፉት ሰው የመጨረሻ ዓመታታቸውን ከመድረኩና ከተመልካቹ ርቀው አሳለፉ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።

ከሌሎች አገሮች ሥራዎች ጋር ሲታይ

ክላሲክ ትራጀዲን ለራስ መድረክ ማቅረብ በብዙ አገር የተሞከረ ነው። በግብፅ ኸሊል ሙጥራን ኦቴሎን ለጆርጅ አብያድ የቴአትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ዓረብኛ መልሷል፤ የሠራውም ከፈረንሳይኛ ትርጉም ተነሥቶ ነበር። ተውፊቅ አል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የግሪኩን ንጉሥ ኤዲፐስ በዓረብኛ እንደገና ጻፈው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኩዌታዊው ሱለይማን አል ባሳም ሐምሌትን ወደ ዘመናዊ የዓረብ መሪዎች የስብሰባ አዳራሽ አስገብቶ አቅርቦታል። በታንዛኒያ ጁሊየስ ኔሬሬ፣ ፀጋዬ ኦቴሎን በሚሠሩበት ዘመን፣ ጁሊየስ ቄሳርን ወደ ስዋሂሊ ተርጉመዋል።

የእያንዳንዱ ዓላማ ይለያያል። ኔሬሬ ስዋሂሊ ትልቅ ሐሳብ መሸከም እንደሚችል ማሳየት ፈልገዋል። አል ባሳም የታወቀውን ታሪክ ለዛሬ ፖለቲካ መስተዋት አድርጎታል። ፀጋዬ በመካከል ይቆማሉ፤ ታሪኩን ሳይለውጡ ቋንቋውን ገፍተው አሰፉት፤ ከዚያም ያሰፉትን ቋንቋ ለጴጥሮስና ለቴዎድሮስ ተጠቀሙበት። ለዚህም ነው ትርጉሞቻቸው ከድርሰቶቻቸው ተለይተው የማይታዩት።

ዋና ዋና ሥራዎች

ትርጉምና ተዛማጅ ተውኔቶች፦ ኦቴሎ፣ ሐምሌት፣ ማክቤዝ፣ ታርቱፍ፣ የፌዝ ዶክተር፣ እናት ዓለም ጠኑ።

የአማርኛ ተውኔቶች፦ የሾህ አክሊል፣ ሊስትሮ፣ ጩሎ፣ ኮሾ ሲጋራ፣ የከርሞ ሰው፣ ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት፣ ሀ ሁ በስድስት ወር፣ አቡጊዳ ቀይሶ፣ መልእክተ ወዛደር፣ ቴዎድሮስ፣ ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ።

የእንግሊዝኛ ተውኔቶች፦ ቴዎድሮስ፣ አዝማሪ፣ ኦዳ ኦክ ኦራክል፣ ኮሊዥን ኦቭ ኦልታርስ።

ግጥም፦ እሳት ወይ አበባ።